ዳገቱ ላይ የወጣ ካርቦን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ በቀለ እጄን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "የሻጭ እጅ ነው" አሉ። አልተሳሳቱም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ስሸጥ ነው ያደግሁት። የትኛው ካንዴላ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ፤ አንድ ካንዴላ ግን በእጄ ፈትቼ አላውቅም ነበር። የሚፈታ ሰው ከጎኔ ሞልቶ ምን አደከመኝ?

ከአገር ወጥቼ የገባሁበት የጋሼ ጋራዥ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ኩሽና ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሁለት መኪና ያስገባል፤ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይሠራለታል። ማዕረጉም ረጅም አልነበረም። ጋሼ በቀለ ባለቤት፣ ዋና መካኒክና ስልክ አንሺ ነበሩ። ቀጥሎ እኔ፤ ከእኔ በታች መጥረጊያው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የካርቦን ማጽጃ ቆርቆሮ ይዞ መቆም ሆነ። ቤንዚን ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል። ጥላሸቱ የሞተሩ የውስጥ ብረቶች፣ ባልቦላውና ፒስተኑ ላይ እየተጋገረ ሲሄድ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ ጭሱም ይበላሻል። መፍትሔው ወይ ሞተሩን ፈትቶ መፋቅ ነው፣ ወይ ሳይፈቱ ኬሚካል ማጠጣት። መፍታት ሆድ እንደ መቅደድ ነው፤ ባለመኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሚጠጣው ነው።

ሲጠጣ ሞተሩ መሥራት አለበት፤ ሞቅም ማለት አለበት። ሞተሩ አየር ከሚስብባቸው ቀጫጭን ጎማዎች አንዱን ትነቅልና በዚያ በኩል ትረጫለህ። ሌላ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ነዳጅ እየሰጠ ሞተሩን ያቆየዋል።

"እንደ ጉርሻ ነው" አሉኝ ጋሼ። "ትንሽ ትሰጠውና እስኪውጥ ትጠብቃለህ። ከዚያ ትደግመዋለህ። ካፈሰስክበት ይታነቃል፤ ይሄንን ደግሞ ጀርባውን መታ መታ አድርገህ አታድነውም።"

እውነታቸውን ነው። ፈሳሽ በዝቶ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ የሚጣመመው ብረቱ ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ እንግዳ ጠገብኩ ሲል የማናምን ሰዎች ነን። ራሳቸው እቤት ሞክረው፣ ቆርቆሮውን በአንድ ትንፋሽ አጠጥተው፣ መኪናውን አስጎትተው የመጡ ስንት አይቻለሁ።

ሌላው የጋሼ ደንብ፣ ነዳጅ የሚሰጠው ባለመኪናው ራሱ ይሁን የሚል ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። የመኪናውን ድምፅ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው የለም አሉኝ። ቆይቶ እንደገባኝ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ በገዛ እግሩ ነዳጅ የሰጠ ሰው በማግስቱ "ምን አድርጋችሁብኝ ነው?" ብሎ አይመጣም።

እትዬ ፀሐይ ከሃውቶርን የመጡት በዚያው በመጀመሪያው ዓመቴ ነው። ሥራቸው ሕመምተኞችን ከቤታቸው ሐኪም ቤት ማመላለስ ነበር። መኪናቸው አሮጌ ስለሆነ ስሞግ የሚሉት የጭስ ምርመራ ሲገባ ጭሱን ከማርሚታው ነው የሚለኩት። ወድቆባቸዋል። ወሩ ሳያልቅ ካላለፈ የመኪናው ፈቃድ ወረቀት አይታደስም፤ ወረቀት ለሌለው መኪና ደግሞ ኩባንያው ሕመምተኛ አይሰጥም። ሌላ ጋራዥ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይፈታ ብሏቸዋል። ያንን ከማድረግ ሌላ መኪና መግዛት ይሻላል፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቱንም አይችሉም።

"ይሄ መኪና ከቆመ እኔም ቆምኩ ማለት ነው" አሉ።

ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አዳመጡ። ከዚያ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ አነዳዳቸው ጠየቁ። እትዬ ፀሐይ ኮራ ብለው መለሱ። መኪና የሚከንፍበትን ፍሪዌይ አይወዱም። በሠፈር በሠፈር፣ በቀስታ ነው የሚነዱት፤ እንደ ዕንቁላል ነው የሚይዙት። ሕመምተኛው እስኪወጣም ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ኤሲውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

"አቀማጥለሽዋላ!" አሉ ጋሼ። "ሲሮጥ የሚያራግፈውን ጥላሸት በእርጋታሽ አስጋገርሽው። በይ ግቢ፣ ነዳጅ ስጪልን።"

ረጨሁ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲያስል እትዬ ፀሐይ በስመ አብ ብለው እግራቸውን አነሱ። ሊጠፋ ሲል ጋሼ በኮፈኑ ሥር እጃቸውን ሰደው የነዳጁን ሽቦ ሳቡትና አቆዩት። እያረፍን፣ እየጠበቅን ቆርቆሮው አለቀ። ኬሚካሉ ገብቶ እስኪያላቅቅ ሞተሩን አጥፍተን ተቀመጥን።

እትዬ ፀሐይ ግን መቀመጥ አልቻሉም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "አንድ ቢደገምለትስ?" አሉኝ። የሶማሌ ተራ ልጅ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፤ ሁለተኛው ቆርቆሮ እጄ ላይ ነበር።

"መልሰው" አሉ ጋሼ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ለዚህ አንዱ በቂው ነው። የቀረው የሷ እግር ነው።"

ስናስነሳው ነጭ ጭስ ጀርባውን ሁሉ ሞላው። የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች።

"ጋሼ፣ ሰዉ ጥብሱ አረረ እያለ ሊነሳብኝ ነው!"

"የበቀለ ጭስ ነው በያቸው። ያንቺ ጥብስ ሲያርር ከዚህ ይብሳል።"

እሷን ከሸኙ በኋላ እኔን ከእትዬ ፀሐይ ጋር ላኩኝ። የላላው ጥላሸት እንዲወጣ ሞተሩ ጠንክሮ መሥራት አለበት። ፍሪዌዩ በዚያ ሰዓት ፓርኪንግ በሉት፤ መኪና አይሮጥበትም። ስለዚህ የላ ሲየኔጋን ጎዳና ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ያውጡት ተባለ። ለሳቸውም ወደ ቤታቸው መንገድ ነው።

ፌርፋክስን ወደ ደቡብ ይዘን ላ ሲየኔጋ ገባን። ዳገቱ ሲጀምር እትዬ ፀሐይ የቀኝ ሌን ይዘው፣ መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠው ይሳባሉ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል።

"እትዬ፣ ነዳጅ ይስጡት።"

"ሰጥቻለሁ።"

"አልሰጡትም።"

"ልጄ፣ እኔ ስነዳ የኖርኩት ሰው ጭኜ ነው፤ ድንጋይ አይደለም። ጉድጓድ በዘለልኩ ቁጥር ከኋላ የሚያቃስት ሰው አለ።"

ለዚህ የሻጭ መልስ ነበረኝ።

"ዛሬ ከኋላ ማንም የለም። ሕመምተኛው መኪናው ነው። አምቡላንስ ቢሆኑስ እንዴት ያደርሱታል?"

ሳቅ አመለጣቸው። ከሳቁ ጋር እግራቸውም ወረደ። ሞተሩ ጮኸ፤ እኔም የበሩን እጀታ ያዝኩ። ግራና ቀኝ ከመሬት ነዳጅ የሚስቡ ትላልቅ ብረቶች አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ያነሳሉ። በመስታወት ሳይ ከኋላችን መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ ደመና ነው የሚወጣው። ሲጮኽብን የነበረው ሰው ሳይለመን ርቆ ቀርቷል። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ጭሱ ሳስቶ ነበር።

"ድምፁ ተለወጠ" አሉ እትዬ ፀሐይ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ጭሱ መጥራቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመኪናን ድምፅ ባለቤቱ ያውቃል የሚለው የጋሼ ደንብ የገባኝም ያኔ ነው።

ቁልቁለቱን እንደጨረስን መኪናውን አዞሩት። ወዴት ነው ስላቸው፣ "አንዴ ይደገምለት" አሉ። ይሄኛውን ድጋሚ ጋሼም አይከለክሉም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጋራዡ ስልክ ጮኸ። እትዬ ፀሐይ ከስሞጉ ቤት ነበር የደወሉት።

"በቀለ፣ አለፈ።"

"ማን? መኪናው ነው ወይስ አንቺ?"

ሁለቱም ሳይሆኑ አልቀሩም። እትዬ ፀሐይ ጡረታ እስኪወጡ በዚያ መኪና ሠሩ። ሕመምተኛ ሲጭኑ እንደ ድሮው ዕንቁላል ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ብቻቸውን ዳገቱን ይወጡታል፤ "መኪናዬን ላስተነፍሰው" ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ እኛ ያልላኩት መኪና የለም። የዛሬ ደንበኞቼ ግማሾቹ የእሳቸው ስጦታ ናቸው።

ጋሼ በቀለ ጉልበታቸው እንቢ ሲል ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው ቤታቸው ገቡ። የሻጭ እጅ ነው ብለው ቢመልሱኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ስለማላውቀው ዕቃ እያወራሁ እኖር ነበር። ስለዚህ እግዜር ይስጥልኝ እላቸዋለሁ፤ ሲመቻቸው ብቅ ብለው የምሠራውን ያያሉ፣ አብዛኛውን አይወዱትም።

ቆርቆሮውን አሁንም እሸጣለሁ፤ ሁለት የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ኬሚካሉ ካርቦኑን ያላቅቀዋል እንጂ አያስወጣውም። የሚያስወጣው ነዳጅ የተሰጠው ሞተር ነው። አንድ ሸጬ፣ የዳገቱን መንገድ እነግረዋለሁ።