እስስቷና የአባቴ የውዱእ ውሃ

እኔ የያዝኩት ነገር አይበላሽም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከቤቴ ግቢ ጋር በተያያዘችው ሱቄ ስንት ዓመት ልብስ ስሰፋ፣ ሌላ ሰፊ አበላሽቶት ደንበኛ እያለቀሰች ያመጣችውን ቀሚስ ሁሉ አቃንቼ መልሻለሁ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ሰውን አንዴ ካየሁት፣ ትከሻውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ለካሁት ባይ ነኝ። ስለዚህ እስስት ይዤ ቤቴ ስገባ፣ እንዴት እንደምትያዝ አላውቅም የሚል ሐሳብ ለአፍታም አልመጣብኝም።

ያገኘኋት ከባቲ ገበያ ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ ነው። የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ መንገድ ዳር ወረድን። ትንሽ ራቅ ብሎ ጥቂት ተሳፋሪዎች አንድ ቁጥቋጦ ከበው ድንጋይ እየመረጡ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ እስስቷ ቅርንጫፏን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ አንደኛው ዓይኗ ወደ እነሱ፣ ሌላኛው ወደ ሰማይ ይዞራል። ማንን እንደምትለምን ያጣች ትመስላለች።

"ምን አድርጋችሁ ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ እታለም፣ አትጠጊያት!" አለኝ አንዱ ጎልማሳ። "ይቺ ከነከሰች አህያ ካላናፋ አትለቅም።"

"ታዲያ አንተ አለህ አይደል፣ ምን ያስፈራል?"

ተሳፋሪው በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሳያባራ ሻሼን ወርውሬ ሸፈንኳትና ቅርንጫፏን ከነነፍሷ ቀነጠስኩት። ቁልፍና ክር የገዛሁበት ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የለም፤ ተንፈላስሼ ነው የመጣሁት። ከሚሴ ከመነኻሪያ የያዝኩት ባለ ባጃጅ ግን፣ ካርቶኑ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ምን እንደሆነ ሲሰማ መንገድ ላይ አወረደኝ። ጨርቄን በአንድ እጄ፣ ካርቶኑን በሌላው ይዤ በእግሬ ገባሁ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። ዕድሜውን ሁሉ ጨፋ ላይ ማሽላ ሲያመርት የኖረ ገበሬ ነው። ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። በየሶላቱ ሰዓት ግቢያችን ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ውዱእ ያደርጋል፣ ለሶላት እጅ እግሩን ይታጠባል፤ በረንዳው ላይ ባስቀመጥኩለት ወንበር ይሰግዳል። መስጊድ ሂድ ብለው፣ በባጃጅ ላድርስህ ብለው፣ እሺ አይልም። "በእኩዮቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አልሰግድም" ይላል። ጁምዓ ሲመጣ አዛኑን ቁጭ ብሎ ይሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቆረጣል። አባቴ አንዴ አልሄድም ካለ ግን አልሄድም ነው፤ ቃሉን ሲያጥፍ አይቼው አላውቅም።

ካርቶኑን በፊቱ ከፈትኩት።

"ኩን ማሊ?" አለ። አባቴ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነበር።

"እስስት ናት አባዬ። ላሳድጋት ነው።"

ዱላውን ሳበ። "አዑዙ ቢላህ! ነቢዩላህ ኢብራሂም እሳት ውስጥ ሲጣሉ እሳቱን እፍ እፍ እያለ ያራገበው ዘር አይደለች? እሷን መግደል አጅር አለው፤ ከአላህ ዘንድ ምንዳ ያስገኛል።"

"እሱ የግድግዳው እንሽላሊት ነው። ይቺ የዛፍ ናት።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ቅርጿን አይቼ። ሥራዬ አይደል?"

ዱላው አየር ላይ እንዳለ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አሳረፈው። "እንግዲያው ጁምዓ ዕለት መስጊድ ሄጄ ሸኹን እጠይቃለሁ" አለ። "ግደል ካሉኝ እገድላለሁ፤ ተው ካሉኝ እተዋለሁ። እስከዚያ ዱላዬ አይነካትም።"

እጄን በአፌ ጫንኩ። ስንት ዓመት ለምኜው ያልሄደውን መስጊድ በእስስት ምክንያት ሊሄድ ነው! ደስ ባለኝ አፍታ ግን ሌላውም ገባኝ። ሸኹ ግደል ካሉት፣ እንደ ልጅ ባለቅስም አይመለስም። የእስስቷ ነፍስ በጁምዓ ላይ ተንጠለጠለች።

በማግስቱ ይዣት ሱቅ ሄድኩ። እስስት ያስቀመጡባትን ቀለም ትመስላለች ሲባል የሰማነውን በዓይናችን ልናይ ነው። ደንበኞቼ ተሰበሰቡ፤ ጎረቤቴ ጫት ሻጯ ሳትቀር ጫቷን ጥላ መጣች። ቀዩን ሳቲን አነጠፍኩላት። ጠቆረች። ቢጫውን አነጠፍኩላት። ይበልጥ ጠቆረች። አረንጓዴውን ሳነጥፍማ ከሰል መሰለች፤ አፏንም ከፍታ እስስስ አለችብን።

"ተበላሽታለች" አለች ጫት ሻጯ።

እኔም እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ የሸጡልኝ ያህል ተሰማኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ "አንቺን ሰው ከቦሽ እያነሳ ቢያስቀምጥሽ አትጠቁሪም?" አለኝ። እስስቷን ለመግደል ጁምዓን የሚጠብቅ ሰው ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለኝ። ለነገሩ ልክ ነበር። ቀለሟ የጨርቁ ሳይሆን የሆዷ ነው።

ቤት ሠራሁላት። ይህንንስ ማን ይችለኛል! ከወባ ዘመቻ የተሰጠን አዲስ አጎበር ነበረኝ፤ ከማሸጊያው አውጥቼ በእንጨት ማዕዘን ላይ ወጠርኩት፣ ጠርዙን በድርብ ስፌት ዘመዘምኩት፣ ከፊቱ ዚፕ ገጠምኩለት። ውስጡ ቅርንጫፍ አቆምኩ፤ ከሥሯ በሳህን ውሃ፣ ከጎኑ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ። የከሚሴ ዝንብ እንደሆነ ለልጣጭ ጥሪ አይፈልግም። ዚፑን ከፍቼ ብዙ ዝንብ ሲገባ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ቤት ሙሽራም አትገባበትም ብዬ ራሴን አሞገስኩ።

ምላሷን ተኩሳ ዝንብ ስትይዝ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ምላሷ ከቁመቷ አይተናነስም። በሰፈራችን ብዙ ረጅም ምላስ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥቅም ላይ ሲውል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በኋላ አቆመች። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ፤ ቆዳዋ ከጎኗ ተጨማደደ፤ ያዝ የምታደርገው እግሯ ላላ። ውሃው እንዳለ ነው። ዝንቡም አለ፤ ግን ሳህኑ ዙሪያ እግሩን ሰቅሎ የተኛ ነው። እስስት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር አትነካም።

አንዱን የሞተ ዝንብ በጣቴ አንስቼ ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። አጎበሩ! ትንኝ ይገድላል ተብሎ መድኃኒት ተነክሮ የተሰጠን አጎበር ነው። እኔ በራሴ እጅ፣ በድርብ ስፌት፣ ከነዚፑ፣ መርዝ ውስጥ ሰፍቻታለሁ። ዚፑን መክፈቱ ዘገየብኝና በመቀስ ከላይ እስከ ታች ተረተርኩት። ቅርንጫፏንም፣ ልጣጩንም ጣልኩ። እጄን ታጥቤ እሷን ይዤ ወጣሁና የሎሚው ዛፍ ላይ አስቀመጥኳት።

ጫት ሻጯ በአጥሩ በኩል አየችኝ። "ትሄድብሻለች እኮ።"

"በዚህ አካሄዷ የት ትደርሳለች?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችና ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ብትሄድ በወደድኩ፤ ለመሄድም አቅም አልነበራትም። ሳህኑን አፏ ሥር ያዝኩላት፤ በጥጥ አስነካኋት፤ ዓይኗን ጨፈነችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጄ ምንም የማያውቅ ሆኖ አያውቅም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጁምዓ። ሸኹ ሳይፈርዱባት በእኔ ጉድ ልትሞት ነው ብዬ ሱቄ ገብቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሰዓት ላይ አባቴ ሲጣራ ሰማሁ። "ኢንተላ ኮ! ነይ! ቶሎ ነይ!" ልጄ ማለቱ ነው። ወድቆ መስሎኝ በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ።

አልወደቀም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ እርጥብ፣ ማንቆርቆሪያው በእጁ፣ አንገቱን ወደ ዛፉ አቅንቶ ደርቋል። ውዱእ ሲያደርግ እጁን የማራገፍ ልማድ አለው፤ ያራገፈው ውሃ ቅጠሉ ላይ ፈንጥቆ ጠብ ጠብ እያለ ነበር። እስስቷ ጉሮሮዋን እያንቀሳቀሰች፣ አንዷን ጠብታ ከቅጠሉ ጫፍ ላሰች። ቀጥላ ሌላዋን።

"ከሳህን አትጠጣም" አለ አባቴ፣ ጠብታውን እንዳያስደነግጥ ይመስል በሹክሹክታ። "ከቅጠል ነው የምትጠጣው። ጤዛ ነው የምታውቀው።"

"ቢስሚላህ" አለና እጁን ነክሮ በዝግታ አራገፈላት። ጠጣች። ደግሞ አራገፈ። ደግሞ ጠጣች። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ሞልቼ አመጣሁለት። ውዱኡን አጋምሶ የነበረ ሰው እንደ ገና ከአንድ ጀመረ፤ ሶላቱ ሊያልፍህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ወንበሩ ላይ ሲሰግድ እኔ ከዛፉ ሥር ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። ማንም አላየኝም እንጂ ብታይ ያቺ ጫት ሻጭ ዓመት ታወራው ነበር።

በማግስቱ ዓይኖቿ ሞሉ። የሎሚ ቅጠል መስላ፣ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶላት፣ ለጸሐይ ጠፍጠፍ ብላ ስትሞቅ አገኘኋት። አዲስ ልጣጭ ከግንዱ ሥር ብበትንላት ቁርሷን ራሷ አደነች። አባቴ ቀኑን ሙሉ ከበርጩማው አልተነሳም። ስለ ጁምዓ ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ሆድ ግን በዚያ ዝምታ ሲነቅዝ አደረ።

ጁምዓ ጠዋት "ነጩን ጀለብያዬን ተኩሺልኝ" አለኝ።

"እውነት ልትሄድ ነው?"

"እሄዳለሁ ብዬ የለ?"

ተኮስኩለት። ባጃጅ ጠራሁለት፤ ደግፌ አስቀመጥኩት። ባጃጁ ሲርቅ አንድ ዓይኔ እሱን፣ አንድ ዓይኔ ዛፉን ያያል፤ እኔ ራሴ እስስት ሆንኩ። ሱቅ ገባሁ ብዬ የሰፋሁት እጅጌ ተገልብጦ ተሰፋ። ፈታሁት። መልሼ ስሰፋ መርፌ ሰበርኩ። ጨርቁን ጥዬ ግቢ ገባሁና ከዛፉ ሥር ቆምኩ። ቅርንጫፏን ቆርጬ ከከተማ ውጭ ልልቀቃት ብዬ መቀስ አነሳሁ፤ አባቴ ሲመለስ ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ ብዬ መቀሱን መለስኩ።

ሲመለስ ዱላውን እየተመረኮዘ ቀስ ብሎ ገባ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"ሶላትህን አላህ ይቀበልህ አባዬ።"

"አሚን። ወንበር አመጡልኝ። እኩዮቼም ወንበር ላይ ናቸው፤ ለካ አብረን ነው ያረጀነው" አለና ፈገግ አለ።

"ሸኹስ? ምን አሉህ?"

ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ እጁን ነከረ፤ ቅጠሉ ላይ አራገፈ። እስስቷ አንድ ዓይኗን ወደ እሱ አዞረችና ቀስ እያለች ወደ ጠብታው መጣች።

"አባዬ፣ ምን አሉህ?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"እንዴት? ቃልህ…"

"ጠጋ ብያቸው ነበር። ጨብጬአቸው፣ ጉልበትህ እንዴት ነው ብለውኝ፣ አፌንም ከፍቼ ነበር።" ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። "ከእጄ ውሃ ጠጥታለች። ከእጁ ያጠጣትን ነፍስ ልግደላት ወይ ብሎ ሰው እንዴት ይጠይቃል? ደግሞስ ግደል ቢሉኝ ምን ልሆን ነው?"

አባቴ ቃሉን ሲያጥፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደዚያን ቀንም ኮርቼበት አላውቅም።

ማንቆርቆሪያውን ዘረጋልኝ። "ያዢ" አለኝ። "ከላይኛው ቅጠል ጨምሪላት፤ እኔ አልደርስም።"