ከመርካቶ የተከተሉኝ ሰውዬ

ሲጋራ ላይ ግብር ከተጨመረ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼ ማጨስ አቁመዋል። እኔ ማቆሙ ቢያቅተኝ ወደ ኮንትሮባንዱ ዞርኩ። ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ከማውቀው ሱቅ አንድ ፓኮ በድብቅ ገዝቼ ኪሴ ከተትኩና አንዷን ለኩሼ ወደ መሳለሚያ መራመድ ጀመርኩ።

ጥቂት ሄጄ ዞር ስል፣ ኮት የለበሱ ጠና ያሉ ሰውዬ ከኋላዬ አሉ። ቆም ስል ቆሙ። መንገድ ስሻገር ተሻገሩ። «በቃ፣ ሲቪል የለበሱ ፖሊስ ናቸው፤ ስገዛ አይተውኛል» አልኩ በልቤ። ዕቃ የተሸከሙ ወዛደሮች መሃል ገብቼ ልሰወር ብሞክር፣ እሳቸውም እየተጋፉ ደረሱብኝ። እንዳልሮጥ ደግሞ፣ መርካቶ ውስጥ የሚሮጥ ሰው «ሌባ!» ተብሎ ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ።

የያዝኳትን ሳልጨርስ ጥዬ በጫማዬ ደፈጠጥኳት።

ወዲያው ትከሻዬን ጨመደዱኝ።

«ለምን ጣልካት?» አሉ በቁጣ።

«ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ ይማሩኝ! ለራሴ ነው የገዛሁት፤ አልነግድም» አልኩ።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ምንድን ነው የምታወራው? እኔ ዋጋዋ አልቀመስ ሲለኝ መግዛቱን ትቻለሁ። የሚያጨስ ሰው ካገኘሁ ግን ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ ጭሱን እስባለሁ።» ከዚያ ኪሴን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል አሁን ሌላ ለኩስና ፊት ፊት ሂድልኝ፤ ቤቴ ገና ነው።»