ወደ ጋስፔ ያልሄድንበት ሰመር

የጉዞ ትልቁ ደስታ ዝግጅቱ ነው ይባላል። ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉት ሄደው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ፎቷቸውን ደርድረው ከጨረሱ በኋላ ስለ ካርታውም በፍቅር ማውራት ይችላሉ። እኔ አንድ ሰመር ሙሉ ጉዞ ሳዘጋጅ ከርሜአለሁ። ከኩቤክ ሲቲ ተነስቶ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር ዳር ባህር ጠረፍ ላይ እስካለችው እስከ ጋስፔ የሚዘልቀውን መንገድ፣ ረግጬው ሳላውቅ፣ መታጠፊያውን ሁሉ አውቀዋለሁ። አልሄድንም። ከዝግጅቱም ምንም ደስታ አላገኘሁበትም። ጉዞው የተዘጋጀው ለአባቴ ነበር፤ ለምን እንደሚያስቸኩል ከቤተሰቡ ውስጥ የማያውቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን ተሳቢ እየጎተቱ ከአዲስ አበባ አሰብ ይመላለሱ ነበር። እኅቴ ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው በኋላ ከከተማው ምሥራቅ ዳር ስካርቦሮ፣ እሷ አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። እኔ በምዕራቡ በኩል ፓርክዴል ነኝ። እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይጠይቃል። ብዙ አንብበሃል የሚሉኝ ሰዎች አውቶቡሱን ያመስግኑ።

በረዶው መቅለጥ በጀመረ ሰሞን የምርመራ ውጤታቸውን ለመስማት ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። እኅቴም አብራን ነበረች። ከመግባታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “ክፉ ነገር ካለ እንዳትነግራቸው። አደራ። ይሰበራሉ” አለችኝ። ሐኪሙ አስተርጓሚ ልጥራ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ አለሁ አልኩት።

ረጋ ብሎ ተናገረ። ቆሽታቸው ላይ የጀመረው ካንሰር ጉበታቸው ደርሷል። ማዳን አይቻልም፣ ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል። የቀራቸው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። መሄድ የሚፈልጉበት ቦታ ካለ በዚህ ሰመር ይሂዱ። ይህን ሁሉ ሲል አባቴ የሚያዩት እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

“ምን አለ?”

“ሆድዎ ውስጥ ቁስለት አለ ነው የሚለው፣ አባባ። መድኃኒት ይሰጥዎታል።”

“ይኼን ሁሉ ያወራው ቁስለት ለማለት ነው?”

“በሰመሩ ደግሞ ሽርሽር ቢሄዱ ጥሩ ነው ብሏል።”

“ሐኪም ሽርሽር ያዛል እንዴ?”

“እዚህ አገር ያዛል።”

ሳቁ። ሐኪሙ ግራ ገባው። የሱ ንግግር ረጅም፣ የኔ ትርጉም አጭር፣ የታማሚው ምላሽ ደግሞ ሳቅ። “ገብቷቸዋል?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። ሌሎች ሰዎች በሠሩት ትርጉም ላይ ስሕተት ስለቅም ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ።

በሳምንቱ የት መሄድ እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው አላመነቱም። “ባህር” አሉ።

“ባህርማ አይተው የለ? አሰብ ስንት ጊዜ ደርሰዋል።”

“ከፊቴ ነዋ ያየሁት። ደርሼ፣ ጭኜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ተመለስኩ። በጎኔ አድርጌው ነድቼ አላውቅም።”

መንገዱን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጉዞውን ያቀዱት ግን እሳቸው ናቸው። ስልክ መንገድን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያሳየው ብለው የወረቀት ካርታ አስገዙኝ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ይሠሩበት ጀመር። ኪሎ ሜትር አይቆጥሩም። የት ጋ ይታደራል፣ የት ጋ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል፣ ተራራው መንገዱን ወደ ውሃው የሚገፋው የት ጋ ነው፣ ንፋሱ መኪናውን የሚመታው ከየት በኩል ነው፣ እሱን ነው የሚጽፉት። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

“ስንሄድ ውሃው በየት በኩል እንደሚሆን አይተሃል?”

“አላሰብኩበትም።”

“ተማርኩ ትላለህ። በግራ ነው። ስለዚህ እኔ ካንተ ኋላ እቀመጣለሁ።”

“ከፊት አይሻልዎትም?”

“ከፊት የማየው አስፋልት ነው። አስፋልት አይቻለሁ።”

ሌላው ጭንቀታቸው ውሃው ራሱ ነበር። ወንዝ ነው ባህር? ሲጀምር ወንዝ ነው፣ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ባህር ይሆናል አልኳቸው። የቱ ጋ? ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም፣ ቀስ በቀስ ነው አልኩ። መልሱን እንደ ስንፍና ቆጠሩት። “ሁለት ሁለት ሰዓት በነዳህ ቁጥር አቁምልኝ። እየወረድኩ ቀምሼ እነግርሃለሁ።”

ልንሄድ የነበረው በሰኔ መጨረሻ ነው። እኅቴ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ አባቴ ከለከሏት። “ለኔ ሽርሽር ብላ ከሥራዋ አትቅር።” ወደ ሐምሌ ተዛወረ። በሐምሌ የእኅቴ ልጅ የሰመር ሥራ ጀመረች። “ልጅቷን ትተን አንሄድም” አሉ። ከዚያ ፍልሰታ ቀረበ። “ዓሣ አገር ሄጄ ጾም ይዤ ልመለስ?” እያንዳንዱ ምክንያት የጨዋ ሰው ምክንያት ነበር። ጊዜ አለኝ ብሎ የሚያምን ሰው ለሌሎች እንዲህ ያስባል። ጊዜ እንደሌለ የምናውቀው እኛ ደግሞ ምክንያት አልነበረንም፤ የነበረንን አንድ ምክንያት ሐኪሙ ክፍል ውስጥ እኔ ውጬዋለሁ።

ስለዚህ ምክንያት መፍጠር ያዝኩ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አጠገባቸው ተቀምጬ፣ “አባባ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ብንሄድስ?” አልኳቸው።

“ምን አስቸኮለህ?”

“ቤንዚን ሊወደድ ነው ይላሉ።”

“ይወደድ።”

“መንገዱንም ሊጠግኑት ነው አሉ።”

“መንገድ ሲጠገን ማለፊያ ይሠራል። ይኼን ለኔ ትነግረኛለህ?” መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “ልጅቷ ለከርሞ ትምህርቷን ትጨርሳለች። እኅትህም አስቀድማ ፈቃዷን ትሞላለች። ሁላችንም አንድ ላይ እንሄዳለን። ባህሩ የት ይሄዳል?”

መልሱን የማውቀው ጥያቄ ነበር። ባህሩ የትም አይሄድም፣ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ከአፌ ማውጣት የነበረብኝ ይችኑ ነው። “ልክ ነዎት” አልኩ። ካርታውን አጣጥፈው አስቀመጡት።

የዚያን ዕለት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሸኘችኝ የእኅቴ ልጅ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር ግማሽ በግማሽ ነው። “ዋይ አትነግሩትም? ሂዝ ላይፍ ነው እኮ” አለችኝ፤ ሕይወቱ የራሱ ነው ማለቷ ነው። ባህላችን ነው አልኳት። “ኦኬ” አለች። በእንግሊዝኛ ኦኬ ማለት አንዳንድ ጊዜ አላመንኩህም ማለት እንደሆነ ከእሷ ነው የተማርኩት።

አለማመኗ ትክክል ነበር። ባህላችን አይደለም። ሠፈራችን ውስጥ መርዶ ሲኖር ዕድሩ የሚልከው አባቴን ነበር፤ እሳቸው ከመንገድ ካልተመለሱ ይጠበቁ ነበር። ቃል የማያንዛዙ፣ ፊታቸውን የማያዞሩ ሰው ነበሩና። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ማልደው በሩን ያንኳኳሉ፣ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይነገራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወሬው የሚደበቀው ሰውየው ሲሰማው ብቻውን እንዳይሆን ነው። መደበቁ ለመንገር የሚደረግ ዝግጅት ነው። እኛ ግን መደበቁን ወሰድን፣ መንገሩን ተውነው። የፈራነውን ነገር ባህል አልነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ፊት ለፊት ሲናገሩ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ጉዳይ ፊት ለፊት የሚነግራቸው አላገኙም።

በጥቅምት ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ካርታውን አልጋቸው ላይ አስመጥተው ጠርዙ ላይ “ሰኔ” ብለው ጻፉበት፤ ፊደሉ ተጣሟል፣ ግን ይነበባል። የመኪናዬን የፊት ጎማዎች ከጉዞው በፊት እንድቀይር አዘዙኝ። እሺ አልኩ።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ አንድ ከሰዓት እኅቴ ከንፈራቸውን በጥጥ ስታረጥብላቸው፣ ወደኔ ዞረው፣ “ያንን ሐኪም ለውጡልኝ” አሉ።

“ለምን፣ አባባ?”

“ቁስለት ማዳን ያቃተው ሐኪም ምን ሐኪም ነው። ሽርሽር ከማዘዝ በቀር አያውቅም።”

እኅቴ ጥጡን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጥጡን መልሳ ውሃው ውስጥ ነከረችው። ከዚያ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ውጤቱ በተነገረበት ክፍል ውስጥ ያልዋሻቸውን አንድ ሰው፣ ሐኪሙን፣ ታዝበውት ሄዱ።

ለቅሶው ላይ ሰዎች ሁለት ነገር ይሉን ነበር። አንዳንዶቹ፣ “ሳይጨነቁ ሄዱ፣ ተመስገን” ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ “ያውቁ ነበር እኮ፣ ለእናንተ ብለው ነው ዝም ያሉት” ይላሉ። ሁለቱም የሚመቹት ለእኛ ነው፣ ለእሳቸው አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሐኪም ለውጡልኝ አይልም፣ ለሰኔ ጎማ አያስቀይርም። ሳይጨነቁ ሄዱ የሚለውም ቢሆን፣ ጭንቀታቸው የራሳቸው ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ተጨንቀውም ቢሆን በሐምሌ መኪናው ውስጥ ገብተው ከኋላዬ ይቀመጡ ነበር። እኅቴን ከሥራ ያስቀሯት ነበር። ጾሙን ንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ዓሣቸውን ይበሉ ነበር፣ ወይም ጾመው ይሄዱ ነበር። ምን ያደርጉ እንደነበር አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ምርጫው በእንግሊዝኛ ሲሰጣቸው በአማርኛ የነጠቅኳቸው እኔ ነበርኩና።

እኔና እኅቴ እስከ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም። አልወቅሳትም። እሷ አደራ ነው ያለችኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ቤታችሁ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የራሱን ሕመም እሱ ብቻ የማያውቅ ታማሚ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሂዱ። ተሰብሰቡ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳታሳጥሩ ንገሩት።