በሩን የከፈተችው ልጅ

ልጅ ሳለሁ የማውቀው ጭራቅ በር የሚያንኳኳ ጨዋ ጭራቅ ነበር። የሌሎቹ የሰፈራችን ልጆች ጭራቅ ግድግዳ ይጥሳል፣ የሰው ሽታ ሲሸተው ያገሳል፤ የእኛው ግን በጥፍሩ ጫፍ ቆርቆር ያደርግና ቆሞ ይጠብቃል። እኔና ወንድሜ በዓለም ላይ ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ ነገር አለ ብለን አናምንም ነበር።

ተረቱን የምትነግረን የእናቴ ታላቅ እህት እታለም ነበረች። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ከኦሎምፒያ ጀርባ በነበረችው የቀበሌ ቤታችን ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። ያኔ መብራት እንዳሻው ይሄድ ይመጣ ስለነበር፣ በጠፋ ቁጥር እናቴ እየተነጫነጨች ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን ስታተራምስ እኛ በደስታ እንዘል ነበር፤ መብራት ጠፋ ማለት እታለም የከሰል ምድጃውን ወደ መሀል ስባ ትቀመጣለች ማለት ነበርና። ከሰሉ በደንብ ያልተያያዘ ዕለት ጭሱ ያስለቅሰናል፤ በሩን ከፈት እናድርገው የሚል ግን ከመካከላችን አይገኝም።

«አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች» ብላ ትጀምራለች ፍሙን እየቆሰቆሰች። የልጅቷ ወንድም ከጭራቁ ሸሽቶ ቆጥ ላይ ተደብቋል፤ እናትና አባት ከቤት የሉም። ጭራቁ መጀመሪያ በራሱ ድምፅ ይጣራል፤ አይከፈትለትም። ቀጥሎ መንገደኛ መስሎ ይመጣል፤ አሁንም አይከፈትለትም። በመጨረሻ የጎረቤት ሴት ድምፅ ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ እታለም ድምፅዋን ቀጠን፣ ለስለስ ታደርገውና «ልጄ፣ ክፈቺልኝማ፣ እሳት ልጫር ነው» ትላለች። ያኔ እሳት የጠፋበት ሰው ጎረቤት ሄዶ ፍም መውሰዱ የተለመደ ነበር፤ ያንን አባባል በየቀኑ ከደጃችን የምንሰማው በመሆኑ ጀርባችን ቅዝቅዝ ይላል።

«ልጅቷም ተነሳች» ትላለች እታለም። ከዚያ ዝም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሸ፤ ተኙ።»

ስንት ጊዜ ለምነናት፣ ስንት ጊዜ አኩርፈን! ከዚያች ቃል አልፋ አታውቅም። መጨረሻው የጠፋባት እየመሰለኝ በልቤ አዝንላት ነበር።

ሌላም ነገር ነበራት። ፍም ፈልጎ ለመጣ ጎረቤት እታለም በር ከፍታ አታውቅም። በመስኮት ብቅ ብላ ፊቱን ታያለች፣ ከኋላው ማን እንዳለ አንገቷን አስግጋ ታያለች፣ ከዚያ ፍሙን በቆርቆሮ አድርጋ በመስኮት ታቀብላለች። እኔና ወንድሜ «እታለም ጭራቁን ፈራች!» እያልን በሳቅ እንፈርሳለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች። ከመስኮቱ በላይ አፍሮ ያበጠረው አጎቴ ጌታሁን፣ የእታለምና የእናቴ ወንድም፣ በፎቶው ውስጥ ሆኖ ያየናል። በቀይ ሽብር ጊዜ መሞቱን እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ በቤታችን የሚናገር አልነበረም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ካደግኩ በኋላ እንጀራዬ የፊልም ድርሰት ሆነ። አትላስ አካባቢ ባለችው ቢሯችን ፕሮዲውሰሩ አንድ ቀን «ሰው በፈረንጅ ጭራቅ ሰልችቶታል፤ የራሳችንን አምጪልኝ» ሲለኝ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። የእታለምን ጭራቅ ሰጠሁት። የጎደለው መጨረሻው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሠራሁለት። በእኔ ፊልም ልጅቷ ከመጀመሪያውም ከጭራቁ ጋር የተስማማች ናት፤ ወንድሟን አሳልፋ ልትሰጠው በሩን ትከፍትለታለች፣ ስትከፍትም ትስቃለች። ፕሮዲውሰሩ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ለእታለም ተረቷን ፊልም ላደርገው መሆኑን ብቻ ነገርኳት፤ ደስ አላት፣ መረቀችኝ። መጨረሻውን ደበቅኳት፤ ላስገርማት ፈልጌ ነበር።

ያኔ የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ እታለም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብታ ነበር። የፊልሙ ምርቃት ዕለት ቦሌ ወዳለው ሲኒማ ቤት አመጣኋትና አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። አዳራሹ ጨለመ፤ በፊልሙ ውስጥ በሩ ቆርቆር ተደረገ። ተዋናይቷ ቀጠን ባለ ድምፅ «እሳት ልጫር ነው» ስትል ከኋላችን አንዲት ወጣት ጮኸች፣ ፈንዲሻ መሬት ላይ ተበተነ። ልጅቷ በሩን ከፈተች፤ ሳቀች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘወር ብዬ ሳያት እታለም የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። መፍራቷ ነው አልኩ፤ ደስ አለኝ። እሷን ያስፈራሁ እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያች ኩራት ነው።

በታክሲ መለስኳት። ከተማው አልቆ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ብቅ ማለት ሲጀምሩ «ልጅቷ ግን አልሳቀችም» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«በሩን የከፈተችው። አልሳቀችም። እሳት ልጫር ሲሏት ጊዜ ፍሙን በገል አድርጋ ይዛላቸው ነው የወጣችው።»

አሁንም አልገባኝም ነበር። እታለም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቀጠለች።

«እትዬ በለጥሻቸው ናቸው የጠሩኝ፤ ጎረቤታችን። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፣ በየማለዳው ፍም ይወስዱ ነበር። ከኋላቸው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መቆማቸውን በምን ልወቅ? ጌታሁን ኮርኒስ ውስጥ ነበር። ሲያወርዱት ገሉ ከእጄ ወድቆ ፍሙ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እናቴ ያንን ስትለቅም ነበር። አንድ ቀንም ለምን ከፈትሽ ብላኝ አታውቅም።»

ሹፌሩ ራዲዮኑን ቀነሰ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷው ቀደመችኝ፤ እጄን መታ መታ አድርጋ «ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ሰው ወዶልሻል» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደረጃውን ልደግፋት ስል እጇን ቀስ አድርጋ ወሰደችና ብቻዋን ወጣች።

ፊልሙ ሰው ጠራ። በሩን ከፍታ የምትስቀው ልጅ ትልቅ ፖስተር ቦሌ መንገድ ላይ ተሰቀለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ሌላ ወገን አያለሁ። ፕሮዲውሰሩ ክፍል ሁለት ጻፊ ይለኛል፤ ልጅቷ አድጋ ራሷ ጭራቅ የምትሆንበትን። እየጻፍኩ ነው ብዬ እዋሸዋለሁ።

ባለፈው እሑድ አምስት ዓመት የሞላትን ልጄን ቤዛን ይዤ ቦሌ አራብሳ ሄድኩ። ቤዛ እንደ ልማዷ እታለም ጉያ ገብታ የጭራቁን ተረት ጠየቀች። እኔን ያሳደገችበትን ተረት ለልጄም ትነግራት ነበር፤ እዚያችው ቃል ላይ እየደረሰች፣ ዝም እያለች። እታለም ጸጉሯን ዳበሰችላትና «ተረቱን እናትሽ ጨርሳዋለች፤ እሷን ጠይቂያት» ብላ ዕቃ ልታጥብ ኩሽና ገባች። ክፋት አልነበረባትም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው።

ቤዛ ዞራ አየችኝ። ጀመርኩላት። ወንድሙን ቆጥ ላይ አወጣሁት፣ ጭራቁን በር ላይ አቆምኩት፣ እሳት ልጫር አስባልኩት። «ልጅቷም ተነሳች» አልኩ፤ እኔም እዚያው ላይ ተያዝኩ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ፍም ይዛ በሩን ከፈተች። የምታውቃቸው ጎረቤት መስለዋት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልኩ፤ ኩሽና ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ቤዛ ግንባሯን ቋጠረች። «መንገድ ላይ ባለው ፎቶ ታዲያ ለምን ትስቃለች?»

«ያሳቅኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ከልጅነቴ ምሽቶች ብዙው ነገር ጠፍቶብኛል፤ የእታለም ዝምታ ግን ቀርቶልኝ ነበር፣ እሱንም ወስጄ ሸጥኩት። ኩሽናው ውስጥ የቧንቧው ውሃ ይፈስ ነበር። ያልኩትን ትስማ አትስማ አላወቅኩም፤ ስትወጣም እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ቤዛ ምሳ ትብላ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ።