ነጭ ጭራ ያላት ጨረባ

ጨረባን በስሟ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ከድልድይ ሥርና ከጣሪያ ጥግ በጭቃ ቤት የምትሠራዋ፣ ውሃ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ትንኝ የምትለቅመው ትንሽ ወፍ ሲባል ግን ሁሉም ያውቃታል። እኔ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን አስጎብኝቼ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ አንዷን ጨረባ ከሌላዋ መለየት እንጀራዬ ነው። ቀላል አይደለም። ዛፍ ላይ ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሰጥታ ታልፋለች፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ጉሮሮዋን፣ ደረቷን፣ ጭራዋን አይቶ መጨረስ ያስፈልጋል። ጉሮሮዋ ቀላ ካለ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ የመጣችው ናት። ከጭራዋ ሁለት ቀጫጭን ክር ከተንጠለጠለ ሌላኛዋ ናት። ደረቷ ላይ መሐሉ ያልተገጠመ ሐብል የመሰለ ጥቁር መስመር ካለ ደግሞ የኛው የአገር ቤቷ ናት።

ይህን ሁሉ ከሥልጠናና ከመጽሐፍ አገኘሁት እላለሁ እንጂ፣ ግማሹን ያስተማሩኝ አንድ ጀልባ ነጂ ናቸው። ስድሳን ያለፉ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭርና ቁጥብ ነው። ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ ባይኖኩላሬን እስካነሳ እሳቸው በባዶ ዓይናቸው አይተው፣ ሞተሩን ቀንሰው፣ በአገጫቸው ይጠቁሙኛል። እኔ የወፉን ስም በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ እንግዶቹም እኔን ያደንቃሉ። እሳቸውን ይህ ከፍቷቸው አያውቅም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመችቶኝ ነበር።

በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ። ወንዶቹ አስጎብኚዎች «ወፍ ቆጣሪዋ» እያሉ ሲቀልዱብኝ ስለኖርኩ፣ እንግዳ ፊት የሚያርመኝ ሰው ከመጣ ደሜ ይፈላል። ይህን የምናገረው ምክንያት ለመደርደር አይደለም። ምናልባት ነው።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስት ይዘን ሐይቁ ላይ ወጣን። ከያቤሎ መመለሳቸው ነበር፤ እዚያ የሄዱት ነጭ ጭራ ያላትን ጨረባ ፍለጋ ነው። ይቺ ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው በዚያው በደቡብ ቆላ ብቻ ነው ይባላል። ቀናቱን ሙሉ ፈልገው አጥተዋት ባልየው አኩርፏል። ነገሩን ለሽማግሌው በአማርኛ አጫወትኳቸው። ደንገሉ ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጠፉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያቻትልሽ። ጭራዋ ነጭ ነው።»

ባይኖኩላሬን ሳነሳ ሃያ የሚሆኑ ጨረባዎች ውሃው ላይ ይተራመሳሉ፤ ሁሉም የማውቃቸው ናቸው። ያቺ ወፍ ከአገሯ እንደማትወጣ ነገርኳቸው። ምን አይተው እንደተሳሳቱም አስረዳኋቸው። ብዙዎቹ ጨረባዎች ሲታጠፉ ጭራቸውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጉታል፣ ያኔ በረድፍ ነጫጭ ነጥብ ይታያል፣ ለማያውቅ ሰው ጭራው በሙሉ ነጭ ይመስለዋል። ለማያውቅ ሰው አልኩ፣ ሐይቅ ላይ ላረጁ ሰው። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከሩኝ፤ ሳትታጠፍ፣ ቀጥ ብላ ስትሄድ ነው ያየኋት አሉ። እንግዶቹ ምን እንደምንባባል ጠየቁኝ። ስነግራቸው ባልየው ከመቀመጫው ተነስቶ ጀልባዋን አወዛወዛት፤ ፊቱ በርቷል። ያኔ ፈራሁ። ወፏ ካለች እኔ አላየሁም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል» አልኳቸው። «ይመርመሩ እንጂ፤ ሰው ጭነው እኮ ነው የሚሄዱት።»

ይህንኑ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ሳቅ እያልኩ ደገምኩት። እነሱም ሳቁ። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ሞተሩን አስነሱ። ያን ቀን ሌላ ወፍ አልጠቆሙኝም።

በሦስተኛው ቀን እንግዳ ስላልነበረኝ ካሜራዬን ይዤ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች አጠገብ ጨረባዎች ይመላለሳሉ። አንዷ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ጉሮሮዋ አልቀላም። ደረቷ ላይ መስመር የለም፤ ከአገጯ እስከ ሆዷ ነጭ ነው። ጀርባዋ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ነው። ጭራዋ ክር የለውም፤ ቀጥ ብላ ስትሄድም ነጭ ነው፣ ስትታጠፍ ደግሞ እንደ ታጠበ ነጠላ ቦግ ይላል። ሦስት ጊዜ ተመላለሰችልኝ፤ በሦስተኛው ፎቶ አነሳኋት። ደስታዬን አልደብቅም፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ሰዎቹም ዞረው አዩኝ። ሳቄ ሳያልቅ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። ቶሎ ብዬ ወፏን እንደገና መፈለግ ያዝኩ።

ፎቶውን ወፍ ለሚያጠኑ ሰዎች ላክሁ። መልሰው ደስታቸውን ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ ያያት ማን እንደሆነም ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። በስሜ ተመዘገበ።

ያን ሰሞን ከሽማግሌው ጋር በየቀኑ ማለት ይቻላል ሐይቅ ላይ ነበርን። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እወጣለሁ፣ እንግዶቹ ይሂዱና እላለሁ፣ ከዚያ ነገ እላለሁ። እሳቸው ግን ተለውጠዋል። ወፍ ሲያልፍ መጠቆም ትተው፣ ያ ምን ነበር ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። መረብ የሚጥሉት ዓሣ አጥማጆች ጋ ስንቀርብ ሞተሩን ከመጠን በላይ ይቀንሳሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ። እያየሁ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠርተን አንድ ጠዋት ስመጣ ጀልባዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለደከመ ሥራ ትተዋል አለኝ፤ ሰው ጭኜ ለመሄድ ዓይኔን አላመንኩትም ብለዋል። ቃሉ የኔ ነበር።

ያን ጊዜ ብሮጥ ይደረስ ነበር። አልሮጥኩም። አፈርኩ፣ ማፈሬ ሲቆይ ደግሞ እየከበደኝ ሄደ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው ስኳርና ሙዝ ገዝቼ፣ በባጃጅ ከመናኸሪያ ወዲያ ወዳለው ቤታቸው የሄድኩት።

በራፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በደስታ ተቀበሉኝ፤ ስለ ሐይቁ መሙላት፣ ስለ ዓሣው ማነስ ጠየቁኝ። ዓይናቸውን ታይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «አንቺ ነገርሽኝ እኮ።»

ቅያሜ የለውም አነጋገራቸው፤ ለዚያ ነው ያቃጠለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙትና ረጅም ጊዜ አዩት። ይቺው ናት አሉ። ፈገግ አሉና መቼ እንዳነሳኋት ጠየቁኝ። መዋሸት እችል ነበር። እርስዎ ባዩዋት በሦስተኛው ቀን ነው አልኳቸው። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ያኔ ገና አብረን እንሠራ ነበር» አሉ።

አዎ አልኩ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እንደ ወጉ ይቅር ለእግዜር አሉኝ። መዝገቡን አስተካክላለሁ፣ እርስዎ ቀድመው እንዳዩ እጽፋለሁ፣ ዓይንዎ ከኔ ይሻላልና ወደ ጀልባዎ ይመለሱ ብዬ ለመንኳቸው። የስልኩን መስታወት በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ።

ከጎረቤት ጣሪያ ሥር አንዲት ጨረባ ወጥታ በግቢው ላይ አለፈች። አንገታቸው አብሯት ሄደ፣ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩም ወዲያ፣ ልክ እንደ ድሮው። ጭራዋ ምን ይመስላል ጋሼ አልኳቸው። የሄደችበትን ሰማይ ጥቂት አዩና ወደኔ ዞሩ።

«እንጃ» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ።»

የሳቸውን ፊት ሳይ ስለነበር ወፏን አላየኋትም።