እማሆይ በጊዜ የሚተኙት ለምን እንደሆነ

ዛሬ ደብረ ታቦር፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሐኪሙ ሲያደንቃቸው እማሆይ አለቀሱ።

እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ግፊት የለባቸው፣ ስኳር የለባቸው። (እኔ በአርባ ዓመቴ ሁለቱም አሉብኝ።)

«ምን ይመገባሉ?» አላቸው ሐኪሙ ተገርሞ።

«ቀን ሽሮና ጎመን፣ ማታ እፍኝ በሶ።»

«እንቅስቃሴስ?»

«ጧት ጧት ጋፋት ካለው ገደል ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ እተኛለሁ።»

«ዕድሜ የሚሰጠው ይኸው ነው! ምግቡ፣ እርምጃው፣ እንቅልፉ አንድ ላይ ሲሆን። ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ» አሉና እንባቸው ወረደ።

በጣሊያን ጊዜ መንደራቸው ሲቃጠል እናትና ልጅ ሸሽተው እዚያው ጋፋት ገደሉ ሥር ተደበቁ። አመሻሽ ላይ እናትየው እፍኝ በሶ ሰጥታቸው «ይቺን በልተሽ ተኚ፤ ስትነቂ መጥቻለሁ» ብላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እሳቸውም በልተው ተኙ።

ሲነቁ ነግቷል። እናታቸው የለችም። አስከሬኗም አልተገኘም።

«ካልተኛሁ የማትመጣ ይመስለኛል፣ ልጄ» አሉት ሐኪሙን። «ጧት ደግሞ መጥታ እንደሆነ አያለሁ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ስንወጣ «ዛሬ በጧት እዚህ አምጥታችሁኝ ሳላያት ልቀር ነው» ብለው ተቆጡኝ። ባጃጅ ይዘን ወደ ገደሉ ሄድን።

ገደሉ ሥር ቆመው «እማ!» ብለው ተጣሩ። አፍሬ «ዝም በሉ» ልላቸው ነበር፤ ግን እኔም ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ስለ ልማዳቸው ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? ምን ነገሯችሁ?