ቆላ የወረደ ጠላ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ስለ ቢራ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ከተማ እስኪነጋ ይሸጣል፣ ሌላው ወረዳ ጭራሽ ይከለክላል እያሉ ይሳሳቃሉ። «እንግዲህ በየወንዙ ልዩ ሕግ ልናጠና ነው?» አለ አንደኛው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በዚህ ነገር መሳቅ አልችልም።

እናቴ የሺ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጠላ ትሸጥ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ በጠላ ነው። በራችን ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይቆማል፤ ያንን ያየ መንገደኛ ጎራ ይላል። ደሴ ብርድና ጉም አይደለች? ጥንስሱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቀናት ታስተኛዋለች። እንደሷ የሚጠምቅ አልነበረም፤ ልጇ ስለሆንኩ አይደለም።

የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ልወስድ ስዘጋጅ ግን «መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው፣ ተማሪም ይበላሻል፤ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ መጠጥ አይሸጥም» ተባለ። ሼሁም ቄሱም ተስማሙ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለእኛ ለልጆቹ ብለው ነው። ኮምቦልቻ ግን ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ይሸጣል።

«አይ ጉድ!» አለች እናቴ ጣሳውን እየነቀለች። «እዚህ ወንጀለኛ ነኝ፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ልጸድቅ ነው።»

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እጇን ይዛ ለመነቻት። «ወላሂ ጠላሽን ቀምሼው አላውቅም፤ ያላንቺ ግን እንዴት ውዬ አድራለሁ? ቅሪ የሺዬ፣ ያለውን ተካፍለን እንበላለን።»

«ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ እመለሳለሁ» አለቻት።

እኔን ለትምህርቴ ደሴ ትታ፣ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከሚያርፉበት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። የጠመቀችው ግን እንደ ደሴ ነው። ጥንስሱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በዚያ ሙቀት! ጠላው ሳይደርስ ሆምጣጤ ሆነ። ሹፌሮቹ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ፊታቸውን አጨማድደው ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይመለስ ነበር። የኔ እናት ግን ግትር ናት፤ «ጋኑ ነው እንጂ እጄ አልሳተም» ብላ እንደገና ጠነሰሰች።

ቅዳሜ ልጠይቃት ስወርድ፣ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ እሷ ደጅ ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ምች ነው» አለችኝ። «ከእሳቱ ተነስቼ ስወጣ መታኝ። ዳማከሴ አምጣልኝ።»

ደጋ ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ትኩሳት ስሙ ምች፣ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው። ያኑ ዕለት ደሴ ወጣሁ፤ እትዬ ዘይነባ ከጓሮዋ ቀጥፋ «አላህ ያሽርሽ በላት» ብላ ሰጠችኝ። ተመልሼ ወርጄ አሽቼ ጨምቄ አጠጣኋት፤ አላባት፣ በማግስቱም ቀለል አላት። «አላልኩህም!» ብላ ጌሾዋን መውቀጥ ጀመረች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ትኩሳቱ ግን ለካ ሄዶ የሚመለስ ኖሯል። ጎረቤቶቿ ተሸክመው ሐኪም ዘንድ ሲያደርሷት ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ስደርስ አላወቀችኝም።

እንዳለችው ክረምቱ ሳይገባ ወደ ደሴ ተመለሰች፤ በሬሳ ሣጥን። ሼሁም ቄሱም ድንኳናችን ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እትዬ ዘይነባ ደረቷን እየመታች «ምነው እጇን ባለቀቅኋት!» ትል ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክልከላው ተነሳ፤ ሰፈሩም ደስ አለው። እኔ ግን የዚያን ዕለት ከቀብሯ ቀን የባሰ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ «ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል» እያልኩ እጽናና ነበር። ለካ ሕጉ ሊቀር ይችል ነበር።

ዛሬ እናቴ ከሞተችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ ያ ሙቀት ፊቴን ባለኝ ቁጥር እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ ግን ይኸው እስካሁን አላወቅሁም።